ትልቁን ኪቦርድ ወደ ሐዋሳ ለመላክ፦ የካርቶን ፍለጋና የማሸግ ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ኪቦርዱ ቤቴ ገብቷል። ያማሃ ሞቲፍ ኤክስኤፍ 8 ነው፤ ባለ 88 ቁልፍ፣ ያገለገለ ግን በደንብ የተያዘ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያለን ጓደኛሞች አዋጥተን የገዛነው ሐዋሳ ላለ አንድ የመዘምራን ቡድን ነው። ሳጥን መፈለግ፣ ማሸግና ለካርጎ ወኪሉ ማስረከብ የኔ ድርሻ ሆኗል።

ኪቦርድ ወደ አገር ቤት መላክ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ስለ ጉምሩኩና ስለ ኪሎ ዋጋው ሁሌ ይወራል። ስለ ካርቶኑ ግን የሚያወራ አልገጠመኝም። ዕቃው የሚሰበረው ደግሞ ካርቶኑ ልክ ሳይሆን ሲቀር ነው። ስለዚህ የምሠራውን እየጻፍኩ እሄዳለሁ፤ ለሌላው ይጠቅማል።

መጀመሪያ ሜትር አወጣሁ። ርዝመቱ 144 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 47፣ ቁመቱ 17። ክብደቱ 29 ኪሎ አካባቢ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ከትቻለሁ፤ ካርቶን ፍለጋ ስወጣ ከሜትሩ ጋር አብረውኝ ይዞራሉ።

«ባለ 88 ቁልፍ ነው» ብሎ ሳጥን መጠየቅ አያዋጣም። ያማሃ ፒ-45ን ውሰዱ። እሱም 88 ቁልፍ ነው፤ ግን ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ክብደቱም 11 ኪሎ ተኩል ነው። የሱ ካርቶን ውስጥ ሞቲፉ ጨርሶ አይገባም። በተቃራኒው ፒኤስአር ኤስኤክስ900 ባለ 61 ቁልፍ ሆኖ ጥልቀቱ 43 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ርዝመቱ ግን አንድ ሜትር ከሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ። ቁልፍ መቁጠሩን ትቶ መለካት ነው።

በሻንጣ መልክ ከመንገደኛ ጋር መላኩም ተነስቶ ነበር። የተለመደው የሻንጣ ልክ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ነው። የኛው ገና ሳይታሸግ 208 ይመጣል። ክብደቱም ከ23 ኪሎ አልፏል። ስለዚህ በካርጎ ነው የሚሄደው።

ቅዳሜ ማታ

ኪቦርዱን የሚጫወተው ልጅ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። «ጋሼ፣ አደራ፤ የሚንሸራተቱት ነገሮች ላይ ይጠንቀቁልኝ። እዚህ አንዷ ብትሰበር መለዋወጫዋን የት አገኛለሁ?»

ልክ ነው። ሞቲፉ ፊቱ ላይ 8 ተንሸራታቾችና 8 የሚዞሩ ማስተካከያዎች አሉት፣ በግራ በኩል በጣት የሚዞሩ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች፣ መሐል ላይ ስክሪን። ሁሉም ከገላው ወጣ ብለው ነው የቆሙት። ከላይ የሚጫን ነገር መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ልጁ የሚያስበው ለብቻው አይደለም። ብዙ መዘምራን ጋ ቤዙን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱንና ማሲንቆውን ሁሉ የሚያሰማው ይኸው አንድ ኪቦርድ ነው። እሱ ከተበላሸ አገልግሎቱ ቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ወስኛለሁ፦ በዚህ ሳጥን ውስጥ የኪቦርዱን ፊት ምንም ነገር አይነካውም።

ሰኞ

ዊተን የሚገኘው ቸክ ሌቪንስ ሄድኩ። ከ1958 ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጥ ቤት ነው፤ በዚህ አካባቢ ያለን ሙዚቀኞች ሁሉ እናውቀዋለን። የሙዚቃ መሣሪያ ቤቶች ለማሳያ የሚያወጡት ኪቦርድ ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል። ቀድሞ ለጠየቀ ሰው ይሰጡታል። ዛሬ የነበራቸው ቀጭን የዲጂታል ፒያኖ ካርቶን ነው። ለካሁት፤ ጥልቀቱ አይበቃም። ሰፊ የመጣ እንደሆነ እንዲያስቀምጡልኝ ስልኬን ትቼ ወጣሁ።

የፋብሪካው ካርቶን ከተገኘ የሚስተካከለው የለም። ካርቶኑ ብቻ ሳይሆን ጫፎቹን የሚይዙት የተቀረጹ ፎሞች ጭምር መገኘት አለባቸው። ያለ ፎሞቹ ባዶ ካርቶን ብቻ ካገኛችሁ ጥቅሙ ግማሽ ነው። አዲስ ኪቦርድ የምትገዙ ሰዎች ካርቶኑን ከነፎሙ አትጣሉት። አልጋ ሥር ይግባ።

ጠንካራ ባለ ጎማ መያዣም አየሁ። ለሚዞር ሙዚቀኛ ጥሩ ነው። ነገር ግን ለ88 ቁልፍ የሚሆኑት ብዙዎቹ ብቻቸውን ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ስፋታቸውም ትልቅ ነው። ኪቦርዱን አንድ ጊዜ ለማድረስ ብቻ ያን ሁሉ ኪሎ መክፈል አልታየኝም።

ሰኞ ማታ፣ ሒሳብ

የካርጎ ወኪሉን ደውዬ አነጋገርኩት። በአየር የሚሄድ ዕቃ በሁለት መንገድ ይመዘናል። አንደኛው ሚዛኑ ነው። ሁለተኛው የሚይዘው ቦታ ነው፦ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6000 ይካፈላል። ከሁለቱ የሚከፈለው በበለጠው ነው።

ይህን ያልሰማ ሰው «ትልቅ ካርቶን ይሻላል፤ ብዙ ፎም ይይዛል» ይላል። እንየው። 170 በ65 በ35 የሆነ ካርቶን 64 ኪሎ ተኩል ይታሰባል። ውስጡ ያለው ግን 29 ኪሎ ኪቦርድ ነው። 156 በ55 በ28 ቢሆን 40 ኪሎ ይወጣል። ልዩነቱ ከ24 ኪሎ በላይ ነው፤ ያን ሁሉ የምንከፍለው ለአየር ነው።

ስለዚህ ግቤ 156 በ55 በ28 ሆነ። በሁለቱ ጫፎች አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ፎም፣ ከፊትና ከኋላ ሦስት ሦስት፣ ከታች አምስት፣ ከላይ አራት። የቀረችው ለካርቶኑ ውፍረት ናት።

እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ ለምትልኩም ይኸው ልክ ይጠቅማል። ዩፒኤስና ፌዴክስ የሚባሉት ዕቃ አድራሾች ርዝመቱን ከዙሪያው ልክ (ስፋቱና ቁመቱ ሁለት ሁለት ጊዜ) ጋር ይደምሩታል። ድምሩ ከ165 ኢንች ካለፈ በተለመደው መንገድ አይቀበሉም። የኔ ሳጥን 127 ኢንች አካባቢ ይመጣል፤ ከመስመሩ በታች ነው። ፖስታ ቤቱ ግን ከ70 ፓውንድ በላይ አይወስድም፤ ታሽጎ ያን ስለሚያልፍ እሱ ቀረ።

ረቡዕ

በዚህ ልክ የተዘጋጀ ካርቶን ፈልጌ አጣሁ። የጊታር ካርቶን አጭር ነው። የመስታወትና የሥዕል ካርቶን ቀጭን ነው። የብስክሌት ካርቶን ርዝመቱ ቢደርስም ቁመቱ ብዙ ነው፤ ክርክሙ ያስቸግራል።

መልሱ የተገኘው ከቴሌቪዥን ካርቶን ነው። የ65 ኢንች ቴሌቪዥን ካርቶን ለካሁ፤ 160 በ97 በ18 ነው። እንዳለ ቢሆን ኪቦርዱን ለፎም ቦታ ሳይተው ነው የሚውጠው። ነገር ግን በተጣበቀበት ጎን ከፍታችሁ መሬት ላይ ስትዘረጉት ሦስት ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ከአሥራ አምስት የሚሆን አንድ ወጥ ካርቶን ይወጣዋል። ከዚህ ላይ ለሳጥኑ ታችኛ ክፍል የሚበቃ ቁራጭ ይገኛል። ከሁለተኛው ካርቶን ደግሞ ክዳኑ።

አንዱን የሰጠኝ ጎረቤቴ ነው። ሌላውን ከኤሌክትሮኒክስ መደብር ጓሮ ጠይቄ አመጣሁ። ሁለቱም ደረቅ፣ ያልታጠፉ፣ ጠርዛቸው ያልላላ መሆኑን አይቻለሁ። ዝናብ የነካው ካርቶን ቢደርቅም ጥንካሬው አይመለስም።

ካርቶን ስትመርጡ ሥሩ ላይ የታተመችውን ክብ የአምራች ማኅተም አንብቡ። ኢሲቲ የካርቶኑ ጠርዝ ጭነት የሚችልበት ልክ ነው፤ ሞገድ የሚባለው ደግሞ በካርቶኑ ወረቀቶች መካከል ያለው የተጠማዘዘ ወረቀት ነው። «ኢሲቲ 32» የሚል ተራው ባለ አንድ ሞገድ ካርቶን ነው፤ እስከ 65 ፓውንድ ተብሎ የሚታሰብ። «ኢሲቲ 48» የሚል ባለ ሁለት ሞገድ ከተገኘ ይሻላል። የኔዎቹ ባለ አንድ ሞገድ ናቸው። ታችኛውና ክዳኑ ሲደራረቡ ግን ግድግዳው በሁሉም ጎን እጥፍ ይሆናል። ክዳኑ እስከ ታች እንዲወርድ የፈለግኩትም ለዚህ ነው።

ሐሙስ ማታ፣ መቁረጥ

ሳሎኑን አጸዳሁ፣ ካርቶኑን ዘረጋሁ። መታጠፊያ መስመሮቹን በብረት ማስመሪያና በማንኪያ ጀርባ እየተጫንኩ አሰመርኩ። እንዲህ ካልተሰመረ ካርቶኑ በፈለገበት ይታጠፋል፣ ልኩም ይሄዳል።

እዚህ ላይ የሞገዱ አቅጣጫ ትልቅ ነገር ነው። በካርቶኑ ሁለት ወረቀቶች መካከል ያለው ሞገድ ቆሞ ሲገኝ ካርቶኑ ከላይ የሚጫነውን ይሸከማል። ተኝቶ ሲገኝ ይጎብጣል። በኔ አቆራረጥ በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ሞገዱ ቆሟል፤ ጥሩ ነው። በሁለቱ ጫፎች ግን ተኝቷል። ረጅም ሳጥን ደግሞ ጭነት ላይ በጫፉ ማቆም የሚወድ ሰው አይጠፋም። ቆሞ ሲወድቅም ሲጎተትም የሚመታው ጫፉ ነው።

ስለዚህ ለጫፎቹ ሞገዱ የቆመ ሌላ ካርቶን ደረብኩ። በመካከላቸው 6 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ (ስስ የእንጨት ሽፋኖች ተጣብቀው የሚሠራ ሰሌዳ) አስገብቼ በእንጨት ሙጫ አጣበቅኩት። ጥሬ ጣውላ ያልተጠቀምኩት በምክንያት ነው። ከአገር የሚወጣ የእንጨት ማሸጊያ አይኤስፒኤም 15 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት በሙቀት ወይም በጋዝ ታክሞ ማኅተም ሊኖረው ይገባል፤ በእንጨት ውስጥ የሚጓዙ ነፍሳትን ለመከላከል ነው። ፕላይውድ ሲመረት በሙጫና በሙቀት ስለሚያልፍ ከደንቡ ነፃ ነው። የእንጨት ሳጥን ለማሠራት ያሰባችሁ ይህን አትርሱ፤ ማኅተም የሌለው ጣውላ ድንበር ላይ ሊያስቆም ይችላል።

ዓርብ፣ ፎም

ፎም ስል የአልጋ ስፖንጅ ማለቴ አይደለም። ስፖንጅ በእጅ ሲነካ ደስ ይላል። 29 ኪሎ ሲያርፍበት ግን ተጨፍልቆ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ኪቦርዱ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። በጣም ጠንካራው ደግሞ ምቱን ሳይቀንስ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ሁለቱን አገናኘሁ። ከውጭ በኩል ለግድግዳ የሚሸጠውን ሮዝ የሙቀት መከላከያ ፎም፣ ባለ አንድ ኢንች። ከውስጥ በኩል ኪቦርዱን የሚነካው ነጭ ፖሊኤቲሊን ፎም፣ እሱም አንድ ኢንች። ሁለቱ ተደምረው አምስት ሴንቲ ሜትር ሆኑ።

ሮዙ ፎም በቢላ ጫር ተደርጎ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሲሰበር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ነጩን ረጅም ስለት ባለው መቁረጫ፣ ቀስ እያሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሳብ ነው።

አሁን ወደ ፊቱ። ከላይ የሚያርፍ አንድ ሰፊ ካርቶን ቆረጥኩ። ከሥሩ ፎሞችን አጣበቅኩ፤ በግራ ጫፍ፣ በቀኝ ጫፍና በኋላ ጠርዝ በኩል ብቻ። እነዚህ የኪቦርዱ ገላ ጠንካራ የሆነባቸው ቦታዎች ናቸው። በተንሸራታቾቹ፣ በጎማዎቹና በስክሪኑ ላይ ክፍት ነው። ካርቶኑ እንደ ድልድይ ከላይ ያልፋቸዋል።

ከዚያ ሞከርኩት። አንድ ረጅም ቁራጭ ወረቀት በተንሸራታቾቹ ላይ አጋደምኩ። ድልድዩን አስቀመጥኩ፣ በሁለት እጄ ከላይ ተጫንኩ፣ የልጄ እጅ ወረቀቱን ሳበው። ሳይያዝ ሸርተት ብሎ ወጣ። በጎማዎቹ በኩልም እንዲሁ። በስክሪኑ በኩል ትንሽ ያዝ አደረገው፤ እዚያ ጋ ያለውን ፎም አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ገፋሁት። ደግመን ስንስብ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ፍተሻ

ኪቦርዱን ከማስገባቴ በፊት ሳጥኑን መፈተን ፈለግኩ። በኪቦርዱ ልክ ሰሌዳ ቆረጥኩ። ከሐበሻ ሱቅ የሚገዙትን ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢቶች አሰርኩበት፤ ሁለት ከረጢትና ጥቂት መጻሕፍት ሲጨመር ክብደቱ ኪቦርዱን አከለ። አሸግኩትና በጉልበት ከፍታ ላይ ሆኖ በጫፉ ለቀቅኩት። ከዚያ በማዕዘኑ። ከዚያ በረጅሙ ጎን።

ስከፍተው ሰሌዳው ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ማየት ያለባችሁ ይህንን ነው። ካርቶኑ ቢጨማደድ ግድ የለም፤ ውስጡ ያለው ከተንሸራተተ ግን ፎሙ ላልቷል። ጫፎቹ ላይ ፕላይውዱ ሥራውን ሠርቷል። አንድ ማዕዘን ብቻ ተጨፍልቋል። አራቱንም ማዕዘኖች በኤል ቅርጽ በታጠፈ ካርቶን ከውስጥ ደገፍኳቸው።

እሑድ ከሰዓት፣ ማሸግ

መጀመሪያ የተቀመጡትን ድምፆች በሙሉ በዩኤስቢ ላይ ገለበጥኩ። ዩኤስቢው ለብቻው ከመንገደኛ ጋር ይሄዳል። ኪቦርዱ ላይ የተሰካ ምንም ነገር አልተውኩም።

ፔዳሉና የኤሌክትሪክ ገመዱ ሌላ ትንሽ ካርቶን ውስጥ ናቸው። በትልቁ ሳጥን ውስጥ አብሮ የሚዞር ብረት ካለ ቁልፎቹን የሚሰብረው እሱ ነው። የኃይል ጉዳይም አለ። አሜሪካ የሚሸጡ ኪቦርዶች አንዳንዶቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹ 120 ብቻ። አገር ቤት 220 ነው። ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ እንዳይሰኩት። ትራንስፎርመር ካስፈለገም ከባድ ስለሆነ ከኪቦርዱ ጋር በአንድ ሳጥን አይታሸግም።

በቁልፎቹ ላይ የታጠፈ የጥጥ አንሶላ አደረግኩ። ኪቦርዱን ሙሉውን በላስቲክ ጠቀለልኩ፣ እርጥበት የሚመጥ ትንንሽ ከረጢት ውስጡ ከተትኩ። ከዚያ ወደ ፎሙ። ድልድዩ፣ ክዳኑ፣ ሰፊ ፕላስተር በመገጣጠሚያዎቹ ሁሉ። በመጨረሻ በሦስት ቦታ በፕላስቲክ ማሰሪያ ወጠርኩት። ማሰሪያው ካርቶኑን እንዳይቆርጥ ከሥሩ ካርቶን አስገብቻለሁ።

አድራሻው ከውጭ በሁለት ጎን፣ ከውስጥም በአንድ ወረቀት ተጽፏል። የውጩ ቢላጥ የውስጡ ይናገራል። «ተሰባሪ» እና የላይኛውን ጎን የሚያሳይ ቀስት በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ። የኪቦርዱን መለያ ቁጥርና ፊቱን ፎቶ አንስቻለሁ፤ ስልኬም ላይ አለ፣ ለልጁም ተልኳል።

ሚዛን ላይ 34 ኪሎ። በሚይዘው ቦታ ሲታሰብ 40። የታሰበው ይኸው ነበር።

ማክሰኞ

ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲጫን ሳጥኑን ለካርጎ ወኪሉ አስረከብኩ። ሠራተኛው በራሱ ሜትር ለካው፤ 156፣ 55፣ 28 ብሎ ጻፈ። ፎሙ ወደ ውጭ ሲገፋ የካርቶኑ ሆድ ይነፋል። እነሱ የሚለኩት ደግሞ ሰፊውን ቦታ ስለሆነ ይህ አሳስቦኝ ነበር። ማሰሪያዎቹ ጨምቀው ይዘውታል።

ከሐዋሳ

ደርሷል። ከአዲስ አበባ ያለው 270 ኪሎ ሜትር አካባቢ መንገድ እኔን ከአውሮፕላኑ የበለጠ ያሳስበኝ ነበር። ልጁን አስቀድሜ «መኪና ጣሪያ ላይ አይወጣም፣ ተኝቶ ይሂድ፣ ምንም አይደረብበት» ብዬው ነበር። እሱም ከጓደኛው ጋር ሄዶ በቤት መኪና፣ መቀመጫ አጥፈው አመጡት።

ሳጥኑን ሲከፍቱ በቪዲዮ አብሬ ነበርኩ። በአንደኛው ጫፍ የካርቶኑ ላይኛ ወረቀት ተቀዷል፤ አንድ ነገር በኃይል እንዳገኘው ያስታውቃል። ፕላይውዱ አልተሰነጠቀም። ልጁ መጀመሪያ ያየው ተንሸራታቾቹን ነው። ስምንቱንም አንድ በአንድ ወደ ላይ ወደ ታች አደረጋቸው። «ጋሼ፣ ሁሉም አለ» አለኝ። ቁልፎቹን ከዳር እስከ ዳር መታቸው፤ የዘገየም የተቀረቀረም የለም።

ልኬቱን ለምትፈልጉ፦ ለታችኛው ክፍል የቆረጥኩት 212 በ111 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወለሉ 156 በ55፣ አራቱም ግድግዳዎች 28። ለክዳኑ በርዝመትም በስፋትም አንድ ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ ያለዚያ አይወርድም። ባለ 76 ወይም ባለ 61 ቁልፍ ከሆነ የ55 ኢንች ቴሌቪዥን ካርቶን ይበቃችኋል። ኪቦርዱ ከ20 ኪሎ በታች ከሆነ የታችኛውን ፎም ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ማሳነስ ይቻላል፤ የጫፎቹን አምስት ግን አትንኩ።